ከኪሌሌሽዋ እስከ ኪሊማኒ በቀይ ክር

ዲላ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሐሊና፤

መድኃኔዓለም ከክፉ ዓይንም ከክፉ ወሬም ይሰውርሽ። አንቺም ባልሽ መልአኩም ደህና ናችሁ? እኔ ከጆሮዬና ከጉልበቴ በቀር ምንም አልሆንኩም። መስቀልንም በሰላም ዋልን፤ ጎረቤት ሁሉ ስምሽን እየጠራ ሰላም ብሎሻል።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ያው ያዕቆብ ነው። በርበሬና ሽሮ ጭኖ በሞያሌ በኩል ወደ እናንተ ይወርዳል፤ ሲመለስ ለስፌት ቤቴ ዚፕና ክር ያመጣልኛል። እሱ ባይኖር ምን እሆን ነበር? ስልክ እንደሆነ ለእኔ ትርፉ ንብ ቀፎ ውስጥ ጆሮ መክተት ነው፤ ድምፅሽን እሰማለሁ፣ ቃሉን ግን አልይዘውም።

ገንዘብ አትላኪልኝ። ያለፈውም አላለቀም። ዛሬ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው።

አምና ያረገዝሽው በሰባተኛው ወር ሲወርድብሽ እኔ የሰማሁት አንቺ ከአልጋ ተነስተሽ ሥራ ከገባሽ በኋላ ነው። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ቀኑን ወደ ኋላ ብቆጥረው፣ ያን ዕለት እኔ መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ልጅ የሠርግ ቀሚስ ላይ ዳንቴል ስቀጥል ነበር። አንቺ እዚያ ትጮሂያለሽ፣ እኔ እዚህ ዳንቴል እቀጥላለሁ! እናትሽ፣ ታናሽ እህቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስታርፍ አንቺን በእጄ ላይ ጥላ የሄደችው ለዚህ ነው? ይኼ ነገር እስካሁን ከአንጀቴ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ላስብሽ ስል የት ላይ እንደማስብሽ ጠፋኝ። ናይሮቢ ይላሉ እንጂ ናይሮቢ ስንት ነገር ነው! የትኛው ሰፈር ነሽ? በየት በኩል ወጥተሽ በየት ትገቢያለሽ? የከተማውን ካርታ ገዝተሽ፣ ቤትሽንና ሥራሽን ምልክት አድርገሽ ላኪልኝ። ቢያንስ ዓይኔ የሚያርፍበት ይኑረው።

ሁለተኛ ደግሞ ምንም ነገር፣ ደጉንም ክፉውንም፣ ሰው ሁሉ ካወቀው በኋላ እንዳትነግሪኝ። አደራ ብያለሁ።

አክስትሽ ፋንቱ


ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ ለእቴቴ ፋንቱ፤

እመቤቴ ጤናዎን ትጠብቅልኝ። እኔም መልአኩም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መልሱ ስለዘገየብዎ ይቅር ይበሉኝ፤ ካርታው ነው ያዘገየኝ። እዚህ ሰው ሁሉ ካርታውን በስልኩ ይዞ ስለሚዞር የወረቀቱን የሚገዛ የለም። መሐል ከተማ ስንት መጽሐፍ መሸጫ ዞሬ፣ በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ ከመደርደሪያ ሥር አቧራውን አራግፎ አወጣልኝና «ማማ፣ ቱሪስት ነሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። «አይ፣ ለአክስቴ ነው» ስለው ዋጋውን ቀነሰልኝ።

በቀይ ብዕር ምልክት አድርጌያለሁ። ክቡ ቤታችን ነው፣ ኪሌሌሽዋ፤ ምድር ቤት ስለሆነ ደረጃ የለውም። አራት ማዕዘኑ ሥራ ቦታዬ ነው፣ ኪሊማኒ፣ ያው ሒሳብ የምቀበልበት የሐበሻ ምግብ ቤት። መስቀሏ ቤተ ክርስቲያናችን ናት።

ሥራ የምሄደው በእግሬ ነው። ማታቱውን ትቼዋለሁ፤ ሚኒባሳቸው መሆኑ ነው፣ ሙዚቃውና ሩጫው ጭንቅላቴን ያዞረኛል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ፤ ሪንግ ሮድን ይዤ የጃካራንዳውን ጥላ ሥር ሥሩን ስሄድ ሁለት ሰዓት ሲል ሥራዬ ላይ ነኝ። ሰሞኑን አበባው ረግፎ መንገዱ ሁሉ ወይን ጠጅ ሆኗል፤ ቢያዩት ደስ ይልዎት ነበር። መሐል ላይ ፋኢዛ የምትባል የመርሳቢት ሴት ፍራፍሬ ትሸጣለች፤ እሷ ጋ አረፍ እላለሁ። ቦታዋን በነጥብ አሳይቼዎታለሁ።

መንገዱ ቅርብ ነው፤ በእኔ በኩል ምንም እንዳያስቡ። ጉልበትዎን ይቀቡት፣ የግፊት መድኃኒትዎንም አያቋርጡ። ገንዘብ አትላኪ ቢሉኝም ትንሽ ነገር በያዕቆብ እጅ ልኬያለሁ፤ አይቆጡኝ።

ልጅዎ ሐሊና


ዲላ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐሊና፤

የድንግል ልጅ ቀኝሽን ይያዝ። ካርታው ደረሰኝ። ያንን «ትንሽ ነገር» ያልሽውን ግን ያዕቆብ ይዞልሽ ይመለሳል፤ እኔ አንዴ አትላኪ ካልኩ አትላኪ ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ተቆጥቼ ነው፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

የካርታሽ ፊደል ጉንዳን ነው፣ ዓይኔ እንቢ አለኝ። ኮፒ ቤቱ ያለው ዘርይሁን «እትዬ ፋንቱ፣ ምን ቸገረን፣ እናሳድገው» አለና ምልክት ያደረግሽበትን ሰፈር ከነግርጌው ጽሑፍ እጥፍ አድርጎ በአራት ወረቀት አወጣልኝ፤ በፕላስተር አጣብቆ ሰጠኝ። አሁን የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል። ደንበኛ ሲመጣ ጨርቁን በጉልበቴ ላይ ነው የምቆርጠው፤ የልጄን አገር አላጥፍም ብያለሁ።

ግርጌው ላይ 1፡20,000 ይላል። ዘርይሁን እንዳስረዳኝ፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ሴንቲ ከሆነ መሬቱ ላይ ሃያ ሺህ ሴንቲ ነው፤ ሁለት መቶ ሜትር ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በሜትር የኖርኩ ሰው ይኼ ይጠፋኛል? ሜትሬ ግን ከመንገዱ ጋር አይታጠፍም። ስለዚህ ቀይ የጥልፍ ክር ወሰድኩና ጫፉን ቤትሽ ላይ በስፒል ወጋሁት፤ ከዚያ መንገዱ በታጠፈበት ሁሉ በስፒል እየያዝኩ ሥራሽ ድረስ አስኬድኩት። ክሩን ዘርግቼ ስለካው ሃያ ሴንቲ! አራት ሺህ ሜትር! አራት ኪሎ ሜትር ሄደሽ፣ ቀኑን ሙሉ ሠርተሽ፣ አራት ኪሎ ሜትር ትመለሻለሽ። ይኼን ነው «ቅርብ ነው» የምትይኝ? አንቺ ልጅ፣ ማንን ነው የምታሞኚው?

ባልሽስ? ታክሲ እየነዳ፣ የሰው ሚስት በየሆቴሉ እያደረሰ፣ የእሱ ሚስት በእግሯ! እስቲ አፍ ካለው ይመልስልኝ።

ይኼው ቁጣዬ አለቀ። አሁን ደግሞ ልንገርሽ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲል ጣቴን ቤትሽ ላይ አደርጋለሁ። ሻዬን እየጠጣሁ ቀስ እያልኩ በክሩ ላይ እወስድሻለሁ። ፋኢዛ ጋ ስንደርስ አብረን አረፍ እንላለን። ሁለት ሰዓት ሲል ሥራሽ አስገብቼሽ መኪናዬ ላይ እቀመጣለሁ። ሰው ቢያየኝ አበደች ይላል። ይበል።

አክስትሽ ፋንቱ


ናይሮቢ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ! መጪውንም ጥምቀት በሰላም ያድርስዎ። ገናን እንዴት ዋሉ? እኛ ከምግብ ቤቱ ሰዎች ጋር ዶሮ ሠርተን ዋልን።

ደብዳቤዎን ለመልአኩ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «የሰው ሚስት በየሆቴሉ» የሚለው ጋ ስደርስ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ምስኪን! በሱ አይፍረዱበት፤ እሱ ወፍ ሳይንጫጫ ነው ኤርፖርት ተሳፋሪ ሊያነሳ የሚወጣው፤ እኔ ስነሳ ሄዷል።

ደግሞ እቴቴ፣ የለኩት ልክ አይደለም። በልክዎ ሳይሆን በዘርይሁን ቸርነት ነው ነገሩ የተበላሸው። ለእርስዎ ማስረዳት ለእኔ ድፍረት ነው፤ ግን በሚያውቁት ልንገርዎ። የአራት ዓመት ልጅ ዩኒፎርም ቅድ ላይ «አራት ዓመት» ብለው ይጽፉ የለ? ያንን ቅድ ኮፒ ቤት ወስደው እጥፍ ቢያሳድጉት፣ ቅዱ ለጎረምሳ የሚሆን ይሆናል፣ ጽሑፉ ግን አሁንም «አራት ዓመት» ይላል። የካርታውም እንደዚያ ነው። ዘርይሁን መንገዱን አሳደገው፣ ቤቱን አሳደገው፤ ሃያ ሺህ የሚለው ቁጥር ግን ቁጥር ነውና እዚያው ቀረ።

አሁን ከቁጥሩ በታች ይመልከቱ። እንደ ሜትርዎ የተከፋፈለች አጭር መስመር አለች፤ ከዜሮ ተነስታ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ታልቃለች። እስኬል የሚሏት እሷን ነው። እሷ መስመር ስለሆነች ካርታው ሲያድግ አብራ አድጋለች፤ ኮፒውም ላይ አትዋሽም። ክርዎን እሷ ላይ ያስተኙት። እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ከሁሉ የምወደው ይኼን ነበር፤ ያኔ ግን ይጠቅመኛል ብዬ አይደለም።

መልአኩም በስልኩ አይቶታል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። የፈሩት መንገድ ግማሹ የለም ማለት ነው፤ ደስ ይበልዎ። ፋኢዛም ሰላም ብላለች። ሳልፍ «ፖሌ ፖሌ፣ ማማ» ትለኛለች፤ ቀስ እያልሽ፣ እናቴ፣ ማለቷ ነው። አቮካዶ በነፃ ትሰጠኛለች። ሰው አላጣሁም፤ አያስቡ።

ልጅዎ ሐሊና


ዲላ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐሊናዬ፤

ዛሬ እመቤታችን ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ስሜ መመለሴ ነው። አማላጅነቷ አይለይሽ።

እንዳልሽው አደረግሁ። መስመሯን አገኘኋት፤ ክሬን አስተኛሁባት። አሥሩ ሴንቲ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ሃያው ሁለት። እውነትሽን ነው። ዘርይሁን ጋ ሄጄ «አንተ፣ ልጄን በዓመት በዓል ምድር አራት ኪሎ ሜትር አስኬድካት» አልኩት። «እትዬ፣ እኔ ለዓይንዎ ብዬ ነው» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። ሁለታችንም ሳቅን። በጣም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ሲል ጣቴን ቤትሽ ላይ አደረግሁ። እንደ ልማዴ ላስኬድሽ ስል ጣቴ እንቢ አለኝ።

ሁለት ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት?

ከእኔ ቤት ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው ይላሉ። ዛሬ ጠዋት ሆን ብዬ ሰዓት ይዤ ሄድኩ። እኔ አሮጊቷ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ከሰው ጋር ሰላም እየተባባልኩ፣ አርባ ደቂቃ አልሞላኝም። አንቺ ደግሞ የቡና መኪና ዳገት ላይ ስትቀድሚ ሾፌሮቹ ጡሩምባ የሚነፉልሽ ልጅ ነበርሽ። አራት ኪሎ ሜትር መስሎኝ በነበረ ጊዜ ሰዓቱ አልገረመኝም። መንገዱን በገዛ እጅሽ አሳጥረሽ ስታሳዪኝ ነው ሰዓቱ ተርፎ የታየኝ።

ከዚያ ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ ደገምኳቸው። ማታቱ ያዞረኛል አልሽ። መሐል ላይ አረፍ እላለሁ አልሽ። ሴትየዋ ቀስ እያልሽ ሂጂ ትለኛለች አልሽ። እኔም ደንቆሮዋ ስለ ባልሽ እጨቀጭቃለሁ!

ሐሊና፣ ወይ ታመሻል፣ ወይ ደግሞ ሁለተኛው ነው። ሁለተኛውን ስሙን ልጽፈው እጄ ፈራ። የትኛው ነው? በሞቴ ንገሪኝ። አልቆጣም፤ ቁጣ አሁን የት አባቱ ይገኛል! ያዕቆብን መልሷን ሳትይዝ ዓይንህን እንዳላየው ብዬዋለሁ።

አክስትሽ


ናይሮቢ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ፤

ሁለተኛው ነው።

ስድስት ወር ሞልቶኛል። ያዕቆብ መኪናውን ጭኖ ከጨረሰ ቆየ፤ «አክስትሽን አላውቃትም እንዴ፣ ባዶ እጄን አልሄድም» ብሎ ምግብ ቤቱ በር ላይ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እኔ እጽፋለሁ፣ እቀድዳለሁ።

ለምን እንደደበቅሁዎ ልንገርዎ። አምና ያን ደብዳቤዬን ሲያነቡ መኪናዎ ላይ ተደፍተው፣ ሰው ተሸክሞዎት ሆስፒታል እንደገቡ ያዕቆብ ነግሮኛል። እርስዎ አንድ ቃል አልጻፉልኝም፤ «ደህና ነኝ» ነው ያሉኝ። ታዲያ ይኼኛውን ሳውቅ ከመልአኩ ጋር ተማከርን፤ የሕፃኑን ድምፅ እስክንሰማ ለእቴቴ አንነግራትም ተባባልን። አንድ ልጅ አጥቼ እርስዎንም ላጣ? ለዚህ ነው እንጂ ልቤ ከእርስዎ ርቆ አይደለም።

ሐኪሟ መራመዱን አትተዪ፣ ግን ቀስ በይ፣ ድካም ሲሰማሽ ተቀመጪ አለችኝ። ለዚህ ነው አንድ ሰዓት የሚፈጅብኝ። መንገዱን ያሳጠርኩት ብዙ የምደክም መስሎዎ እንዳይጨነቁ ብዬ ነበር። የእርስዎ ልጅ ሆኜ ይኼን ሳላስብ መቅረቴ!

አሁን ሰባተኛው እየገባ ነው። ባለፈው የሆነው እዚህ ወር ላይ ነበር፤ ያውቃሉ። እቴቴ፣ እፈራለሁ። ጠዋት ስነቃ ሳልንቀሳቀስ እተኛለሁ፤ ሕፃኑ ቀድሞ ካልተንቀሳቀሰ እኔ አልነሳም። ሲራገጥ አለቅሳለሁ፣ ዝም ሲል አለቅሳለሁ። ለመልአኩ አልነግረውም፤ እሱም ፈርቷል፣ መኪናው ውስጥ ብቻውን ሲጸልይ አይቼዋለሁ። ፋኢዛ እጄን ትይዘኛለች፤ ግን ያንቺ እጅ አይደለም።

ወንበር ስቤ የተቀመጥኩት አይምጡ ልልዎ ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጉልበትዎ አለ፣ ግፊትዎ አለ። «አይምጡ» ብዬ ጻፍኩት፣ ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩት፣ ቀደድኩት።

ነይልኝ። በማርያም፣ እቴቴ፣ ነይልኝ።

ሐሊና


ሞያሌ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

ይህን ደብዳቤ የምታነቢው ከእጄ ተቀብለሽ ነው። ያዕቆብ ዲላ ላይ ሊጠይቀኝ መጥቶ «የዛሬውስ ደብዳቤ የታለ?» ቢለኝ «አንተ አታደርሰውም፣ እኔው ይዤው እሄዳለሁ፤ አንተ እኔን አድርሰኝ» አልኩት። አሁን ሞያሌ አድረን፣ እሱ የጉምሩክ ወረቀቱን ሲያስጨርስ እኔ ሻይ ቤት ተቀምጬ እጽፋለሁ። ለምን ብትይ፣ በሩን ስትከፍቺልኝ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ማናችንም ነገር መናገር አንችልም። ስለዚህ የምለውን አስቀድሜ ይዤ ልምጣ ብዬ ነው።

የዘገየሁት በፓስፖርቱ ነው። አዋሳ ተመላልሼ አወጣሁት። ፎቶው የኔ አይመስልም፤ ብታዪው ትስቂያለሽ።

መንገዱን ሳልለካ አልተነሳሁም። ዘርይሁን የትምህርት ቤት አትላስ አዋሰኝ። ከዲላ ሞያሌ አንዱ ገጽ ላይ ነው፣ ከሞያሌ ናይሮቢ ሌላው ገጽ ላይ። በክር ስለካቸው ሁለቱም ስምንት ስምንት ሴንቲ ሆኑ። ዘርይሁን «እትዬ፣ ሞያሌ ሲደርሱ መንገዱ እኩሌታው አለቀ» ብሎ ደስ ሊለው! «አንተ ልጅ፣ አሁንም አልተማርክም፤ የየገጹን እስኬል ተመልከት» አልኩት። በመጀመሪያው ገጽ አንዱ ሴንቲ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው፣ በሁለተኛው መቶ። የመጣሁት አራት መቶ ነው፤ የቀረኝ ስምንት መቶ። እንግዲህ የሚቀረኝ እጥፉ መሆኑን አውቄ ነው የምመጣው፤ ማንም አላታለለኝም።

ሆስፒታል ስለገባሁት ነገር ያልጻፍኩልሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነበር። አንቺም ያልጻፍሽልኝ እንዳልጨነቅ ብለሽ። ሁለታችንም ተጨነቅን እንጂ ምን አተረፍን? ከእንግዲህ ይብቃን።

ከሰባተኛው ወር የቀረውን አብረን እናልፈዋለን። ጠዋት እሱ እስኪንቀሳቀስ ስትጠብቂ እኔም አጠገብሽ ተኝቼ እጠብቃለሁ። ፍርሃትሽን ለእኔ ንገሪኝ፤ ለዚህ ነው የመጣሁት። የሚሆነውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ምንም ቢሆን ግን ዘንድሮ እኔ ከኋላ አልሰማም።

ለገንፎ የሚሆነውን ዱቄት አስፈጭቻለሁ፤ ያዕቆብ መኪና ላይ ነው። የሕፃን ልብስ አልሰፋሁም፤ ሳይወለድ አይቆረጥም፣ ታውቂያለሽ። ጨርቁን ግን ሙሉውን ይዤዋለሁ፣ ነጭ ለስላሳ ነው፤ ድምፁን በሰማሁ ሰዓት መቀሴን አነሳለሁ።

መልአኩ እንደምመጣ ያውቃል። ያዕቆብ በስልክ ነግሮታል፤ ለአንቺ ትንፍሽ እንዳይል ደግሞ በማርያም አስምዬዋለሁ። አትቆጪው፤ እናንተስ ስንት ወር ደበቃችሁኝ?

ደብዳቤው ይኼው ነው፣ አለቀ። አሁን ወረቀቱን አስቀምጪና ተነሺ፣ እቀፊኝ፤ ግን ቀስ ብለሽ፣ ሆድሽን እንዳትጫኚው።